ኅትመቱ የሚሰጠንና የሚነፍገን፦ የቫን ጎግ የስንዴ ማሳ በቤታችን ግድግዳ ላይ



የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው ሁላችንም በየቤቱና በየቢሮው ግድግዳ ላይ በምናየው፣ ነገር ግን በትምህርት ክፍል ውስጥ እምብዛም በማንወያይበት ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም የአንድ ዘመናዊ ሠዓሊ የመልክዓ ምድር ሥዕል በወረቀት ታትሞ የቤት ጌጥ ሲሆን ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ዋናውን ሥዕል በዓይኑ ያላየ ሰው፣ ኅትመቱን በማየቱ ሥዕሉን አይቷል ሊባል ይችላልን? እኔ የዘመናዊ ሥነ ጥበብን ታሪክ የማስተምረው በአብዛኛው ከኅትመት በመሆኑ፣ ጥያቄው ለእኔም ሆነ ለተማሪዎቼ የቅንጦት አይደለም።

ለምሳሌነት የመረጥኩት ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1889 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው) በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሳን ሬሚ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሳለ የሣለውን የስንዴ ማሳና የጥዶች ሥዕል ነው። ከፊት ለፊት ነፋስ የሚያወዛውዘው የደረሰ ስንዴ፣ በስተግራ የወይራ ቁጥቋጦዎች፣ ከበስተኋላ ሰማያዊ ተራሮች፣ ከላይ የሚጥመለመል ደመና ይታያሉ። በስተቀኝ ደግሞ እኛ የፈረንጅ ጥድ ከምንለው ዛፍ ጋር የሚዛመዱ ሁለት ጥቋቁር ጥዶች ቆመዋል።

የዚህ ሥዕል ታሪክ ለጥያቄያችን ልዩ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ሠዓሊው ራሱ ሥዕሉን ደጋግሞታል። አንዱን በሐምሌ ወር ሣለ፤ እርሱም ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ሁለተኛውን በመስከረም ወር፣ ከሕመሙ ሲያገግም፣ በክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሣለ፤ ይህኛው ከ1923 ጀምሮ የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ንብረት ነው። ሦስተኛውን ግን አነስ አድርጎ የሠራው ለእናቱና ለእኅቱ በስጦታ እንዲሆን ነበር። ስለዚህ ይህን መልክዓ ምድር ለቤት በሚስማማ መጠን መጀመሪያ ያዘጋጀው ማተሚያ ቤት ሳይሆን ሠዓሊው ነው። በእርግጥ በብሩሽ የተደገመ ሥዕልና በማሽን የተባዛ ወረቀት አንድ አይደሉም።

ቫን ጎግ ኅትመትን የሚንቅ ሰው አልነበረም። በ1869 ዓ.ም.፣ በ16 ዓመቱ ሥራ የጀመረው ሥዕልንና የሥዕል ኅትመትን በሚሸጠው በጉፒል ድርጅት ነው። ኋላም በርካሽ የሚገኙ የጃፓን የእንጨት ኅትመቶችን በብዛት ሰብስቧል። በሳን ሬሚ ሳለ የፈረንሳዊውን የሚሌን ሥራዎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት እያየ በቀለም ሣላቸው፤ ይህንንም ወደ ሌላ ቋንቋ፣ ወደ ቀለም ቋንቋ፣ እንደ መተርጎም ይቆጥረው ነበር። ኅትመቱ የጎደለውን ያውቅ ስለነበር ከኅትመቱ መማር ቻለ። እኛም ይህንኑ ማወቅ ይገባናል።

ኅትመቱ በሚገባ የሚያደርስልን የሥዕሉን አደረጃጀት ነው። ስንዴው፣ ተራራውና ሰማዩ በአግድም እንደ ተነባበሩ፣ ጥዶቹ ብቻ ቀጥ ብለው ምድርን ከሰማይ እንደሚያገናኙ፣ የደመናው መጥመልመል ከስንዴው መወዛወዝ ጋር እንደሚመሳሰል ከፖስታ ካርድ ላይ እንኳ ማስተዋል ይቻላል።

የሚነፍገን ደግሞ ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው የቀለሙ አካል ነው። በሐምሌው ሥዕል ላይ ቀለሙ ወፍራም ሆኖ ስለተቀባ የብሩሹ ፈለግ ጎልቶ ይታያል፤ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበትም ጥላ ይጥላል። የወረቀቱ ገጽ ግን ለጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ኅብረ ቀለም ነው። የተለመደው ኅትመት ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር በሚባሉ አራት ቀለማት ነጠብጣቦች ስለሚሠራ፣ አንዳንድ ደማቅ ሰማያዊዎችና አረንጓዴዎች ደብዝዘው ይወጣሉ። ሦስተኛው መጠን ነው። የሐምሌው ሥዕል 73 በ93 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በኤ3 ወረቀት ላይ ያለ ነጭ ጠርዝ እንዲሞላ ከተደረገ፣ ከቁመቱ አንድ አሥረኛ ያህል መቆረጡ ግድ ነው። ያን ጊዜ የሚጎዳው ወይ የጥዱ ጫፍ ወይ የፊት ለፊቱ ስንዴ ነው።

ይሁንና ዋናው ሥዕልም ቢሆን ከጊዜ አያመልጥም። ቫን ጎግ ሐምራዊ አድርጎ የቀባው የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ በ1890 የሣላቸው ሮዝ ቀለም ያላቸው ጽጌረዳዎችም ነጥተዋል። ስለዚህ የትኛውም ኅትመት የሚያሳየን ሥዕሉ ፎቶግራፍ በተነሣበት ዕለት የነበረውን መልክ እንጂ ሠዓሊው ብሩሹን ባስቀመጠበት ዕለት የነበረውን አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ኅትመት ለምትገዙ ጥቂት ምክር አለኝ። ሥዕሉ የሚገኝበት ሙዚየም ስም መጻፉን ተመልከቱ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የምታውቁት በዚያ ነው። ጠርዙ ያልተቆረጠውን፣ በነጭ ሕዳግ የተከበበውን ምረጡ። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ብዙውን ጊዜ ቀዩና ቢጫው ቀድመው ስለሚለቁ የስንዴው ማሳ ከዓመታት በኋላ ወደ ሰማያዊነት ያደላል።

ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። ኅትመቱን ያየ ሰው የሥዕሉን ሐሳብና አደረጃጀት አይቷል፤ አካሉን ግን አላየም። ይህ ከፊል ዕውቀት ነው፤ ይሁን እንጂ ሐሰተኛ ዕውቀት አይደለም። በሙዚየም አዳራሽ በሥዕሉ ፊት አንዲት ደቂቃ ቆሞ የሚያልፍ ጎብኚ አለ። በሳሎኑ የተሰቀለውን ኅትመት ለዓመታት በየማለዳው የሚመለከት ሰው ስለ ጥዶቹና ስለ ደመናው ከዚያ ጎብኚ የበለጠ ሊነግረን ይችላል። ተማሪዎቼን አደራ የምለው ከኅትመት በተማራችሁት እንዳታፍሩ፣ የጎደለውንም መጠየቅ እንዳትተዉ ነው።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።