ዳግም የሚሞላው ቀለሃ

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ጭስ ሆኖ ይበተናል፣ እርሳሱ ወደ ዒላማው ይሄዳል፣ ካፕሱሉም ይነድዳል። ሳይጠፋ የሚቀረው ቀለሃው ነው። ከዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ከሱዳኑ ገዳሪፍ እስከ መተማ ባለው ቆላ ይህ ባዶ ናስ ከአፈር ውስጥ እየተለቀመ ዳግም ይሞላ ነበር። ነገሩ አያስደንቅም። እርሳስ በእሳት ይቀልጣል፤ ጥቁር ባሩድም ከከሰል፣ ከድኝና ከአፈር ታጥቦ ከሚወጣ ጨው እዚያው ይቀመማል። ቀለሃ ግን ናሱን ደረጃ በደረጃ እየሳበ ኩባያ፣ ከዚያም ቱቦ የሚያደርግ መጭመቂያ ይፈልጋል። ይህ ደግሞ ያኔ በዚያ ቆላ አልነበረም።

ለኢትዮጵያ ተዋጊዎች የቀለሃ ዘመን በሰፊው የተከፈተው በ1868 ዓ.ም. ነው። በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ በሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተን ጠመንጃ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። ቆይቶ የመጣው ውጅግራ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት በፈረንጅ 1874 ከወጣው መሣሪያ ነው። የመሣሪያው ፈልሳፊ የግራ ብልሃት ሻስፖ የሚባለውን ባለ ወረቀት ጥይት ጠመንጃ ለናስ ቀለሃ እንዲሆን አድርጎ መለወጥ ነበር። ወረቀቱ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ይቀደዳል፣ ጋዝም ያስወጣል። ናስ በተኩሱ ቅጽበት ተለጥጦ የጠመንጃውን ጓዳ ይደፍናል፤ ግፊቱ ሲበርድ መለስ ብሎ በቀላሉ ይወጣል። ሰባ እጅ መዳብና ሠላሳ እጅ ዚንክ ያለው ድብልቅ የተመረጠውም ለዚህ ጠባዩ ነው።

ናስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ጦር የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የወጋው ሰናድር በሚባለው ጠመንጃ ነበር። የሰናድር ቀለሃ ከስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ በወፍራም መቀመጫ ላይ የተያዘ ነው። ሰናድርን የተካው ማርቲኒ ሄንሪም ይህንኑ አሠራር ወረሰ። በጥር 1877 ዓ.ም. በሱዳን አቡ ክሌዓ በተደረገው ውጊያ በአሸዋና በሙቀት መካከል የብዙ ወታደር ጥይት በጓዳው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ፤ ስሱ ናስ ተቀደደና መቀመጫው ብቻውን ወጣ። አንድ ወታደር ባላንጣው ሰይፍ መዝዞ ሲመጣበት በቢላ ቀለሃ እየፈለቀቀ መቆሙን ማሰብ ያሳዝናል። ከዚያ በኋላ ከአንድ ቁራጭ ናስ የተሳበው ጠንካራ ቀለሃ ቦታውን ያዘ።

በድንበሩ ማዶ የሱዳን መህዲስቶች መሪ የኸሊፋ አብዱላሂ ሰዎች የተተኮሰ ቀለሃ እየሰበሰቡ በኦምዱርማን ሥራ ቤት ይሞሉ ነበር። ጀርመናዊው እስረኛ ቻርልስ ኖይፌልድ ለባሩድ የሚሆነውን ጨው በማዘጋጀት ሥራ ላይ ተመድቦ ነበር። ባሩዱ ደካማ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲቆስሉም በሁለቱም ወገን የሚተኮሰው ጭሳሙ ጥቁር ባሩድ ነበር።

ዛሬም በውጭ አገር እነዚህን የጥቁር ባሩድ ጠመንጃዎች በተኩስ ሜዳ የሚተኩሱ ሰዎች አሉ፤ የሚከራከሩበትም ያው የቀለሃ ምርጫ ነው። ለማርቲኒና ለሰናድር ብዙዎች በብራዚል ለአደን ጠመንጃ የሚሠራውን የማግቴክ የናስ ቀለሃ እየቀረጹ ይጠቀማሉ፤ አውስትራሊያዊው በርትራም ለመሣሪያው በልኩ የተሠራ ይሸጣል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ወፍራም ናስ ብዙ ተኩስ ይችላል፤ በሌላ በኩል ውስጡ ጠባብ ስለሚሆን የቀድሞውን ያህል ባሩድ አይዝም። የማርቲኒ ሄንሪ የጥቅል ቀለሃ 85 ግሬን፣ ማለትም 5.5 ግራም ያህል ይይዝ ነበር። ጥቁር ባሩድ ደግሞ በቀለሃው ውስጥ ባዶ ቦታ እንዲተውለት አይፈቅድም፤ ክፍተት ካለ ግፊቱ ጠመንጃውን ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ካፕሱሉ ነው። የቦክሰር ቀለሃ በመቀመጫው መካከል አንድ ቀዳዳ ስላለው የነደደው ካፕሱል ከውስጥ በቀጭን ዘንግ ተገፍቶ ይወጣል። የበርዳን ቀለሃ ግን መሐሉ ላይ ጉብታ፣ በጎኑም ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ዘንጉ አይገባም፤ ካፕሱሉን ከውጭ ማንሳት ግድ ይሆናል። ከአያት የቀረ መሣሪያ ባዶ ቀለሃ በቤቱ የሚያገኝ ሰው በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ቢመለከት ልዩነቱን በዓይኑ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ፣ ቀለሃው ከተተኮሰ በኋላ ቶሎ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ አረንጓዴ ዝገት ይበላዋል። ከዚህ የባሰው አሞኒያ ነው። በሕንድ የእንግሊዝ ጦር ጥይት በክረምት ከፈረስ ጋጣ አጠገብ ሲቀመጥ አንገቱ ይሰነጠቅ ነበር፤ ምክንያቱ ከሽንትና ከፋንድያ የሚወጣው የአሞኒያ ጋዝ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርድበት በገዳሪፍ፣ በቅሎና አህያ ከቤት በማይርቁበት አገር፣ ይህ ሳይንስ ከሩቅ የመጣ አይመስልም።

ስለዚህ አዋቂው አሮጌ ቀለሃ ሲያነሣ መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን በብርሃን እያዞረ ያያል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ካየ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ሰድዶ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ይዳስሳል። ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ሽቦው ቦይ ውስጥ እንደገባ ከነካው፣ ናሱ እዚያ ተለጥጦ ሳስቷል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ይከፈላል። ሥራው ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያና ጥይት የሚያዝበትን ሁኔታ ይወስናል። ሽቦው ግን ለሙዚየም ዕቃም ሆነ ከአያት ለቀረ ቅርስ የሚሠራ ነው፤ ናሱን ይዳስሳል፣ ባሩድ አይነካም።