የሐረሩ ፔጆ እና የጉሎ ዘይት

ሐረር ደርሶ የተመለሰን ሰው ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ጅቡን አበላኸው? ቀጥሎ የጀጎል ግንብ ይነሳል፣ ከዚያ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ይነሳል። ስለ ታክሲዎቿ የሚጠይቅ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ይህም ዘወትር ይቆጨኛል። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ለአፍታ የቆመ ሰው፣ አውሮፓ ውስጥ ሰብሳቢዎች ሸፍነው አስቀምጠው በበዓል ቀን ብቻ የሚያወጡትን መኪና እዚህ ሰው ጭኖ፣ ሽንኩርት ጭኖ፣ ጣሪያው ላይ ፍራሽ ታስሮበት ሲሠራ ያየዋል። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ያ መኪና ፔጆ 404 ነው። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ሳስቷል። ጨርሶ ሳይጠፋ በወጉ ላስተዋውቀው።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። 404 እ.ኤ.አ. በሜይ 1960 ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ ቀረበ፤ ሶሾ በሚገኘው ዋናው ፋብሪካ እስከ 1975 ተመረተ፤ ኬንያ ውስጥ የተገጣጠሙት ደግሞ እስከ 1991 ዘለቁ። በዓለም ዙሪያ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ተሠርቷል። አራት በር፣ 1.6 ሊትር ሞተር፣ አራት ማርሽ፤ የማርሹ ዘንግ ወለሉ ላይ ሳይሆን መሪው ሥር ነው።

ቅርጹን የነደፈው የቱሪኑ የንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና ነው። ከኋላ ሁለቱ ጥጎች ሾል ብለው የሚወጡት፣ ጎኑ ላይ ያለ ጌጥ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መስመር፣ ሰፊው መስታወት ሁሉ የእሱ እጅ ነው። ይኸው ቤት በዚያው ዘመን ለፊያት 1800ም ለእንግሊዙ ኦስቲን ኬምብሪጅም ተቀራራቢ መልክ ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ሐረር ላይ «ይሄማ ኦስቲን ነው» ብሎ የሚከራከር ሽማግሌ ካጋጠማችሁ አትፍረዱበት፤ ዓይኑ ያየው ዝምድና እውነተኛ ነው። ለእኔ ከሦስቱ የሚያምረው ፔጆው ነው። ሞተሩ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ስለተቀመጠ ኮፈኑ ዝቅ ብሏል፤ ፊቱ ሳይከብድ የረጋ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ሐረር እንዴት እንደለመደችው ለመገመት የባቡሩን መስመር ማስታወስ ይበቃል። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው፤ ከድሬዳዋ ሐረር ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፈረንሳይ ዕቃ በቅርብ ከሚያገኛቸው ትልልቅ ከተሞች አንዷ ሐረር ነበረች፤ የፈረንሳይ መኪና እዚህ ቤተኛ መሆኑ አይደንቀኝም።

የሚደንቀኝ ሌላ ነው። 404 ለምን ይህን ያህል ቆየ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ «የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ነዋ!» ይላችኋል። ይህን መልስ በታክሲ ውስጥም፣ በጋራዥም፣ የተማረ ሰው በተቀመጠበት ቡና ቤትም ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም አላሳለፍኩትም። 404 ባዶውን 1,070 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዛሬ መንገድ ላይ የምናያት አዲስ ኮሮላ ከእሱ ትከብዳለች። ዕድሜ የሚሰጠው ውፍረት ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚቀበረው ፔጆው ነበር። ያቆየው ሐሳብ ነው፤ መኪናው ሲነደፍ አንድ ቀን እንደሚበላሽና ከፋብሪካ ርቆ እንደሚጠገን ታስቦበታል።

ሞተሩን ውሰዱ። ፒስተኖቹ የሚመላለሱት ከሞተሩ ዋና አካል ጋር አብሮ በተቀረጸ ቀዳዳ ውስጥ ሳይሆን፣ ውሃ ዙሪያቸውን በሚነካቸው ተነቃይ ቱቦዎች ውስጥ ነው። ሲበሉ ቱቦውም ፒስተኑም ወጥተው አዲስ ይገባል። ሲሊንደር የሚያሰፋ ማሽን ያለበትን ቤት ፍለጋ ሞተር ተሸክሞ አገር ማቋረጥ የለም። ባትሪው ከሞተ ከፊት ብረት አስገብቶ በእጅ አዙሮ ማስነሳት ይቻላል። የራዲያተሩ ቬንትሌተር እንኳ ሁልጊዜ አብሮ አይዞርም፤ ውሃው ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተስቦ ይያያዛል፣ ሲበርድ ይለቃል። ይህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለተራ ቤተሰብ መኪና የተሰጠ ነገር ነው! ዛሬ ግን ብዙዎቹ ላይ ቬንትሌተሩ በቡሎን ለዘለቄታው ተጠርንፎ አገኘዋለሁ። አንዲት ሽቦ ከመቀጠል ይህ ይቀላል ብሎ ያደረገው ሰው፣ ሞተሩ በከንቱ የሚበላውን ነዳጅ ባለታክሲው በየቀኑ እንዲከፍል ፈርዶበታል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል ግን ከኋላ፣ መኪናው ሥር ነው። ሰው ስለማያየው አያወራውም።

በአብዛኛው የኋላ እግር የሚስብ መኪና ዲፈረንሻሉ ውስጥ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ብረት ናቸው። በፔጆው ግን ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ጫፉ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ በተጠማዘዘ ጠንካራ ብረት ያልቃል። ይህ ጥምዝ የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ ከነሐስ የተሠራ ነው። ጥምዙ ሲዞር የነሐሱን ጥርሶች እየገፋ፣ እየተንሸራተተባቸው ይሄዳል። በአንድ ጊዜ የሚነካካው ገጽ ሰፊ ስለሆነ ጭነቱ ይከፋፈላል፤ ሥራውም ጸጥ ያለ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ፔጆ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በሹክሹክታ ማውራት የምትችሉት ለዚህ ነው። በሩ ይንኳኳ ይሆናል፣ ወንበሩ ይጮህ ይሆናል፤ በደህና የተያዘ ዲፈረንሻል ግን ድምፅ የለውም። ነሐሱ የተመረጠው ሁለቱ ሲፋተጉ የሚለሰልሰው፣ የሚበላውም እሱ እንዲሆን ነው፤ ብረቱ ይድናል። ፔጆ ይህን አሠራር ከ404 በፊት በነበሩት መኪኖቹም ለአሥርተ ዓመታት ይዞት ኖሯል። ከሌላው ውድ ነበር፤ ቢሆንም አልተወውም።

መንሸራተት ግን ሙቀት ይወልዳል፤ በተለይ ደግሞ ዘይቱን ይፈትናል። ፔጆ ለዚህ ክፍል የፈቀደው ዘይት ከነዳጅ የሚወጣው ተራ ዘይት አልነበረም። መሠረቱ ጉሎ ነው። አዎ፣ በየአጥሩ ሥር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው፣ ፍሬው ዝንጉርጉር የሆነው ጉሎ። የጉሎ ዘይት ብረትና ነሐስ ተጫጭነው ሲንሸራተቱ ከመካከላቸው በቀላሉ አይገፋም፤ ይጣበቃል፣ ይቆያል። ይህን መጀመሪያ ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ደስታዬን የማካፍለው ሰው ስፈልግ ነበር።

ያገኘሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። በፔጆ ያረጁ አንድ መካኒክ፣ ከሐረር የወረደ ታክሲ ሥር ገብተው የዲፈረንሻሉን ቡሎን ፈትተው ነበር። ስለ ጉሎ ጠየቅኋቸው። ጣታቸውን ነክረው አውጥተው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት።

«ምን ይሸትሃል?»

«ድኝ ነገር፣ ጋሼ።»

«እህ! ይሄ የጭነት መኪና ዘይት ነው። አቦ፣ ሰውየው መኪናውን ጠልቶ አይደለም፤ ሳይጠይቅ ሞላበት እንጂ።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው አሳዩኝ። ዘይቱ ውስጥ የወርቅ ብናኝ የሚመስል ነገር ያብረቀርቅ ነበር። «አየኸው ልጄ? ማርሹ ነው። እየፈሰሰ ያለው ማርሹ ነው።»

የሳቸው ጣት ያሳየኝ ነገር ብዙ ባለታክሲዎች ያልተነገራቸው ነው። ለሌላ ዲፈረንሻል የሚሠራው ዘይት፣ ብረትና ብረት ሲጋጩ እንዳይጎዳዱ ድኝ ያለበት ቅመም ይጨመርበታል። ከእነዚህ ቅመሞች አንዳንዶቹ ሲሞቁ ነሐስን ይበላሉ። ለጭነት መኪናው መድኃኒት የሆነው ለፔጆው መርዝ ነው። ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይከፋል፤ ትንሽ ጎደለ ብሎ በጉሎው ላይ ተራ ዘይት መደረብ። የጉሎ ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር በወጉ አይዋሃድም። ሦስተኛው ደግሞ ደግ ልብ ያለው ጥፋት ነው። ታሪኩን የሰማ ሰው ለፀጉር የሚሸጠውን የጉሎ ዘይት ገዝቶ ይሞላል። ፋብሪካው የፈቀደው ግን እንዳይወፍርና ሙጫ እንዳይሆን ማሻሻያ የተጨመረበት ነበር፤ እንዲሁ የተጨመቀው ጉሎ እየቆየና እየሞቀ ሲሄድ ይረጋል። ዛሬ መፈለግ ያለበት ለነሐስ ማርሽ ተብሎ የተሠራ ዘይት ነው። ዲፈረንሻሉም የነበረበት ሁሉ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ከባዶ መሞላት አለበት። ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን መቆምን የሚጠላ ባለንብረት፣ በኋላ ማርሽ ፍለጋ ሳምንታት ሲቆም አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ከመካኒክነት ተማሪዎች ጋር የምጣላበትን ነገርም ልጨምር። በትምህርት ቤት ጥምዝ ማርሽ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚያዞረው ይባላል፤ ዕቃ ማንሻ ማሽን ላይ እንዳለው፣ ጥምዙ ማርሹን ያዞራል እንጂ ማርሹ ጥምዙን አያዞርም። ስለዚህ «ፔጆ ተገፍቶ አይነሳም፣ ቁልቁለት ላይም በማርሽ አይያዝም» ብለው ይደመድማሉ። ይህ የሚሠራው የጥምዙ ጥርስ በጣም ጋደል ሳይል የተቀረጸ ሲሆን ነው። የፔጆው ጥምዝ ግን በርካታ መስመሮች ያሉትና በደንብ ያጋደለ ስለሆነ፣ ኃይል ከጎማ ወደ ሞተርም ይመለሳል። ማስረጃው መንገዱ ላይ አለ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ከሐረማያ በኋላ ደንገጎ ላይ ይደርሳል፤ መንገዱ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ በአጭር ርቀት ወደ ቆላ ይጥላል። ከአንድ የፔጆ ሾፌር ጋር ስወርድ ማርሹን ቀንሶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ አድርጎ፣ ፍሬኑን በየመታጠፊያው ብቻ እየነካ ነበር። ያንን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ፣ ፍሬን ላይ ቆመው የሚወርዱ ወጣቶችንም አይቻለሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ይላሉ። እባካችሁ ተዉት፤ ፍሬኑ ከሞቀ በኋላ የሚቆጠብ ነገር አይኖርም።

የ404ን ጉልበት ማየት የሚፈልግ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ መዝገብ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1963 ውድድሩን 84 መኪኖች ጀመሩ፤ ጭቃና ጎርፍ በልቷቸው የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጣው ፔጆ 404 ነው። በ1966፣ በ1967 እና በ1968ም ደገመው። በ1966ና በ1967 ያሸነፈው ኑሮውን ዳሬሰላም ያደረገው በርት ሻንክላንድ ነበር፤ ፔጆን በየቀኑ በዚሁ አህጉር መንገድ ላይ የሚያውቅ ሰው። አውሮፓውያን አሽከርካሪዎች ፈጣን መኪና ይዘው መጥተው መንገድ ዳር ሲቀሩ፣ ለታክሲነት የሚሆነው መኪና አለፋቸው። ከፊትም ከኋላም ሞላው ለስላሳና ረጅም ነው፤ ጉድጓዱን ሰውነቱ ሳይንቀጠቀጥ ይውጠዋል። የሐረርን ኮብልስቶን የሚችለውም በዚሁ ነው።

ሐረር ስትሄዱ እንግዲህ ከጅቡ በፊት አንድ ፔጆ ያዙ፤ ከቻላችሁ ከፊት ተቀመጡ። የሾፌሩ እጅ መሪው ሥር ማርሹን ሲቀይር ተመልከቱ። የጀጎል መንገዶች ከፈረስ መጋላ ወዲያ ስለሚጠቡ ብዙ ውስጥ አይገባም፤ በበሮቹ በኩል ወጥቶ ወደ አዲሱ ከተማ ሲያቀና ግን ሙሉ ባሕርዩን ያሳያችኋል። ሾፌሩ ጊዜ ካለው ስለ መኪናው ጠይቁት። ከአባቱ የወረሰውም አለ፣ ትናንት የተቀጠረበትም አለ።

ልትገዙ ከሆነ ግን ቀለሙን አትዩ፤ ቀለም በሳምንት ይቀባል። የወለሉን ዝገት እዩ። ቀጥሎ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና የዲፈረንሻሉ የታች ቡሎን ይፈታ፤ ትንሽ ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀብሎ ፀሐይ ላይ ይታይ። ወርቃማ ብናኝ ከበዛበት ማርሹ እያለቀ ነውና ወይ ዋጋውን አስቀንሱ ወይ ተዉት። ዘይቱ ጠቁሮ ብናኝ ከሌለው ደግሞ መኪናውን ግዙት፤ ወደ ቤት ሳትነዱት በፊት ግን ዘይቱ ይለወጥ።