የልጅ ክርን ሲሰበር

ከዛፍ የወደቀ ልጅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሲመክት ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ክርኑ ላይ ያርፋል። በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን ከፍ ብሎ፣ ስስ በሆነበት ቦታ ይሰበራል።

አሜሪካዊው ሐኪም ጋርትላንድ በ1959 እ.ኤ.አ. ይህን ስብራት በሦስት ደረጃ ከፈለው። ከቦታው ያልተንሸራተተው በጀሶ ይድናል። ሙሉ በሙሉ የተለያየው ግን ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል፤ ልጁ ሰመመን ይሰጠውና ሐኪሙ በኤክስሬይ እያየ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ክርኑን ሳይከፍትም በቆዳው በኩል ቀጫጭን ሽቦዎች ሰክቶ ያጸናዋል። ሽቦዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይተው ይወጣሉ። አጥንቱ እንዲህ አልመለስ ካለ ወይም የደም ሥር ከተጎዳ ክርኑ ይከፈታል።

ከስብራቱ ይልቅ የሚያስፈራው በአጥንቱ ፊት የሚያልፈው የደም ሥርና ነርቭ መጎዳት ነው። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ሲዘረጉ ሕመሙ ከባሰ አንድ ሰዓትም መጠበቅ አይገባም።

ጀርመናዊው ሐኪም ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. የጠበቀ ማሰሪያ ጡንቻ ገድሎ እጅን እንደሚያኮማትር ጽፏል። በኢትዮጵያም ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ካሰራቸው በኋላ ክንዳቸው በጋንግሪን የተቆረጠ ልጆች አሉ። ይህ መከላከል የሚቻል ጉዳት ነው! ያበጠ ክርን አይታሽም፣ አይጎተትም፤ ባለበት ሁኔታ ላላ ተደርጎ ይደገፍና ልጁ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ሰመመን ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ሐኪም እስኪያየው ምግብ ባይሰጠው ይመረጣል።