ጨንቻ ሲዘንብ ዓሣው ይሰማል

ጨንቻ ላይ ዶፍ በሚወርድበት ቀን አርባ ምንጭ ላይ ፀሐይዋ እንደከረረች ልትውል ትችላለች። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 37 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ከፍታቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ጉም ለብሳ ስትቀመጥ፣ አርባ ምንጭ 1300 ሜትር በማይሞላ ቆላ ላይ ተዘርግታለች። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሠፈር የሚኖር ሰው አንዲት ጠብታ ሳትነካው ከሰዓት በኋላ ወደ ኩልፎ ድልድይ ብቅ ቢል፣ ጠዋት ጠጠሩ ይቆጠር የነበረው ወንዝ የተበጠበጠ ሸክላ መስሎ ሲጋልብ ያገኘዋል። «ላይ ዘንቧል» ይላል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መልእክቱ ግን ለድልድዩ ሰው ብቻ የተላከ አይደለም። ኩልፎ ከደጋው ያመጣውን ቀዝቃዛና ድፍርስ ውኃ ቻሞ ሐይቅ ውስጥ ሲያፈስ፣ በወንዙ መግቢያ አካባቢ ያሉ ዓሦችም ዜናው ይደርሳቸዋል። «ዓሣ ለማጥመድ መቼ ልሂድ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የወር ስም ይነገረዋል። ዓሣው ግን ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ የሚያነበው ውኃውን ነው። ስለዚህ ጊዜውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ዓሣው ከውኃው ምን እንደሚያነብ ነው።

በዚህ ንባብ ላይ ትልቅ ኢንዱስትሪ የቆመው በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ ነው። ሳልሞን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ውቅያኖስ ወርዶ ያድጋል፣ ለመራባት ደግሞ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ወንዝ ከገባ በኋላ እህል ውኃ አይልም፤ በባሕር ባጠራቀመው ስብ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ፏፏቴ ይዘላል። የፓስፊክ ሳልሞን ዝርያዎች እንቁላላቸውን ጥለው እዚያው ይሞታሉ። በአላስካ ብሪስቶል የባሕር ወሽመጥ ሶካይ የሚባለው ሳልሞን በብዛት የሚገባው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያች አጭር ጊዜ የመጣው ዓሣ ከ70 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለአጥማጁ ሁለትና ሦስት ሳምንት መዘግየት ማለት ሙሉ ዓመት መጠበቅ ማለት ነው።

ሳልሞን ያን ሁሉ ርቀት አቋርጦ የራሱን ወንዝ እንዴት ይለያል? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካዊው አርተር ሃስለርና ባልደረባው ጥያቄውን በቀላል ዘዴ ፈተሹት። በዋሽንግተን ግዛት፣ ሁለት ጅረቶች በሚገናኙበት ቦታ፣ ከየጅረታቸው የመጡ ሳልሞኖችን ይዘው የከፊሎቹን አፍንጫ በጥጥ ደፈኑና ከመገናኛው በታች ለቀቋቸው። አፍንጫቸው ያልተደፈነው በአብዛኛው የመጡበትን ጅረት መልሰው አገኙት፤ የተደፈነባቸው ግን መንገዱ ተምታታባቸው። የእያንዳንዱ ጅረት አፈር፣ ዕፀዋትና ድንጋይ ለውኃው የራሱን ሽታ ይሰጠዋል። ዓሣው በጫጩትነቱ ያን ሽታ ይይዛል፤ ሲያድግ ደግሞ ይከተለዋል።

አገራችን የራሷ ሳልሞን የላትም። በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚጠመደው ትራውት የሳልሞን ቤተሰብ ቢሆንም ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው። ከክረምት ውኃ ጋር ከሐይቅ ወደ ወንዝ የሚወጣ የአገር ተወላጅ ዓሣ ግን አለን፤ በደንብ የተጠናውም ጣና ላይ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ በሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚል ስም ያለው ወገን በቤተሰብ ከካርፕ ጋር ይመደባል። ከሳልሞን ጋር በዝምድና አይገናኝም፤ በአኗኗር ግን ወንድም ይመስለዋል። ጣና ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች እንዳሉት ተመራማሪዎች ለይተዋል። አንዱማ ትራውት ስለሚመስል ሳይንሳዊ ስሙ ከትራውት የተወሰደ ነው።

ክረምቱ ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ከእነዚህ ዝርያዎች የበርካታዎቹ ጎልማሶች በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎች ገባር ወንዞች አፍ ላይ ይሰባሰባሉ። ከዚያ ጎርፉን ተቃውመው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ዋናውን ወንዝ ትተው ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች ይገባሉ። ወቅቱ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሄዱም፤ አንዱ ዝርያ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ፣ በጊዜም በቦታም ተራ ይዘው ይራባሉ። ከሳልሞን የሚለያቸው ደግሞ አለመሞታቸው ነው። እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ በሚቀጥለው ክረምትም ሊመለሱ ይችላሉ።

ሐይቁ ሰፊ፣ ምግቡም የበዛ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? መልሱ እንቁላሉ ዘንድ ነው። እንቁላል መተንፈስ አለበት፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ደግሞ ዙሪያውን ከሚያልፈው ውኃ ነው። የሐይቅ ወለል ጭቃ ይበዛዋል፤ ጭቃ የተኛበት እንቁላል ይታፈናል። ፈጣን ጅረት ግን ውኃውን ከድንጋይ ጋር እያላተመ ከአየር ጋር ያዋህደዋል፤ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም እንቁላሉን ከወራጅ ውኃና ከበላተኛ ይሸሽገዋል። ያ ጠጠራማ ጅረት በበጋ ቀጭን ወይም ደረቅ ነው። መንገዱ የሚከፈተው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው። የውኃው መጨመር፣ የሙቀቱ መቀነስ፣ የቀለሙና የጨውነቱ መለወጥ ለዓሣው «በሩ ተከፍቷል» የሚሉ ምልክቶች ናቸው።

ወደ ጨንቻና አርባ ምንጭ፣ ወደ ጋሞ ምድር፣ እንመለስ። የነጭ ዓሣው የቅርብ ዘመድ በአባያና በቻሞ ሐይቆች፣ በኩልፎም ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ ከጣና የተቀዳ የጊዜ ምክር እዚህ አይሠራም። የጣና ዝናብ በአብዛኛው በአንድ ክረምት ተጠቃልሎ ሲመጣ፣ የጋሞ ደጋና ቆላ ዝናብ ግን ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው በልግ፣ ሌላው ወደ መስከረምና ጥቅምት። «ነሐሴ ላይ ሂድ» የሚል ሰው ጉማራ ላይ ልክ ሆኖ ኩልፎ ላይ ሊስት ይችላል።

ደግሞም ሐይቁ ውስጥ ያለ ዓሣ ሁሉ ወንዝ አይወጣም። አርባ ምንጭ በኮተሌት የምታቀርበው ናይል ፐርች ለመራባት ሐይቁን ትቶ ደጋ መውጣት አያስፈልገውም። ቀረሶ ደግሞ መላ አለው፤ እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹንም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ትሰበስባለች። አምባዛ የዝናብ ወዳጅ ነው፤ ግን የሚፈልገው ጠጠር ሳይሆን ውኃ ያጥለቀለቀው የዳር ሣር ነው። ስለዚህ «የዓሣ ወቅት» የሚባል አንድ ነገር የለም። መጀመሪያ «የቱ ዓሣ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ከባዱ ነገር ይመጣል። ዓሣ በአንድ ጠባብ መንገድ፣ በአንድ በሚታወቅ ጊዜ፣ በብዛት ሲያልፍ ለአጥማጅ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ለዓሣውም ከዚያ የከፋ ቀን የለም፤ ያኔ የሚያዘው እንቁላል የተሸከመች እናት ናት። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ኒንጉ የሚባል ዓሣ ነበር፤ በዝናብ ጊዜ ወደ ወንዞች የሚወጣ፣ ሕዝቡ በጉጉት የሚጠብቀው። በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ሲበዛ፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሀብቱ ተንኮታኮተ። ኒንጉ ላቤዮ የሚባለው ወገን ነው፤ ቻሞም የራሱ ላቤዮ አለው።

ጣናም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ለዘመናት ሲያሰግሩ የኖሩት በአብዛኛው ከዳር ሳይርቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ፤ መረቡም የክረምቱን ጉዞ ተከትሎ ወደ ወንዞቹ አፍ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የተሰበሰበውን መረጃ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ጎልማሳ ዓሦች ክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። የታዳጊዎቹ ቁጥርማ በ90 በመቶ ወርዶ ነበር። በዚህ ላይ በየጅረቱ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመበተን ዓሣ የማስከር ልማድ አለ። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዓሣው ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ማውጣት አልጋውን ያፈርሳል፤ ግድብ ደግሞ መንገዱን ይቆርጣል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወረወር ከታችኛው ዓባይ ወጥቶ የጣናን ዓሣ የሚተካ አይኖርም። የጣና ነጭ ዓሣ ካለቀ አለቀ ማለት ነው።

ታዲያ ብሪስቶል ላይ ያ ሁሉ ሚሊዮን እየተያዘ ዓሣው እንዴት አላለቀም? ከምሥጢሩ አንዱ ማማ ነው። በወንዞቹ ግራና ቀኝ በቆሙ ማማዎች ላይ ሠራተኞች ይቆማሉ፤ በየሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ከሥራቸው የሚያልፈውን ሳልሞን አንድ ሁለት እያሉ ይቆጥራሉ። ከዚያ ተነሥቶ ስንት እንዳለፈ ይሰላል። ለዘር የሚበቃው ካላለፈ ማስገር ይዘጋል፤ በቂ ካለፈ ይከፈታል። ውሳኔው የሚሰጠው በዚያው ሰሞን፣ ዓሣው እየታየ ነው። አጥማጁ ዓሣውን ለመያዝ የሚጠቀምበትን የጊዜ ዕውቀት፣ ጠባቂው ዓሣውን ለማሳለፍ ይጠቀምበታል።

እኛም ሕግ አለን፤ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ የማስገር መዝጊያውን በወር ስም ቢጽፍም፣ ዝናቡ በራሱ ቀን ይመጣል። የዘገየ በልግ የዓሣውንም ጉዞ ያዘገየዋል። መዝጊያውን ቀን በወንዙ ሁኔታ መወሰን የሚችለው ወንዙን በየቀኑ የሚያይ ሰው ነው። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ አስጋሪው ነው።

መንጠቆውን ይዞ ለመዝናናት ኩልፎን ለሚያስብ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚወጣ ተግባራዊ ነገር አለ። መጀመሪያ ሰማዩን ሳይሆን ደጋውን ይጠይቅ፤ ጨንቻ ያለ ወዳጁ ጋ አንድ ስልክ ይበቃል። ላይ እየዘነበ ከሆነ ወንዙ ዳር አይቁም፤ ደራሽ ውኃ ሰው ያለበት ቦታ እስኪዘንብ አይጠብቅም። ውኃው እየሞላ ሳለ መንጠቆ መጣል ከንቱ ልፋት ነው፤ ድፍርሱ ውስጥ ዓሣው ማጥመጃውን አያየውም። ደህናው ጊዜ ውኃው መጉደልና መጥራት ሲጀምር ነው። የዝናቡ የመጀመሪያ ሙላት ያመጣቸውን፣ ሆዳቸው እንቁላል ያዘሉ እናቶችን ግን ማሳለፍ ይገባል፤ ከተያዙም ቀስ ብሎ መልሶ ወደ ውኃው መልቀቅ። ወንዙ ቻሞ የሚገባበት አካባቢ ደግሞ አዞ ገበያ የሚል ስም ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ የዓሣውን ጉዞ የሚጠብቅ ሌላም አጥማጅ አለ።

የቀረው ነገር ከአጥማጁ እጅ ውጭ ነው። ወደ ደጋው፣ ወደ ዶርዜ ወጥቶ የሸማኔዎቹን ሥራና የዝሆን ራስ የሚመስለውን የቀርቀሃ ቤት የሚያደንቅ እንግዳ፣ በዚያ ተዳፋት ላይ ያለው እንሰት፣ ቀርቀሃና እርከን ከታች ላለ ዓሣ ምን እንደሚሠራ ልብ አይልም። ሥር የያዘው አፈር ዝናቡን ይጠጣና ቀስ እያለ ይለቀዋል። የተራቆተው ግን ከውኃው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ጠጠሩን ይሞላል፣ እንቁላሉን ያፍናል፣ ሐይቅም ያደፈርሳል። አባያን ያቀላው ከየአቅጣጫው ወንዞች ያወረዱለት የደጋ አፈር ነው።

ስለዚህ ድልድዩ ላይ የቆመው ሰው «ላይ ዘንቧል» ካለ በኋላ አንድ ነገር ቢጨምር ደግ ነው፤ ውኃው ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚጠራ ይቁጠር። ቶሎ ከጠራ ላይ ያለው መሬት ሥሩን ይዞ ተቀምጧል። ሳይጠራ ከሰነበተ ግን መንጠቆውን ጠቅልሎ ወደ ጨንቻ ቀና ብሎ ማየት ነው።