ያለ ቶርኖ ክብ የእንጨት ዓምድ ስለ ማውጣት

መግቢያ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በመጀመሪያዎቹ አሥርታት ከተሠሩት ትልልቅ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ሰፊ በረንዳ የነበራቸው ሲሆን፣ በረንዳውን የሚሸከሙትም የእንጨት ዓምዶች ነበሩ። ከነዚህ ቤቶች አያሌዎቹ ፈርሰዋል፤ ቆመው በቀሩትም ላይ ዝናብና እርጥበት የዓምዶቹን እግር እየበላ ይገኛል። የቤቱ ባለቤት ዓምዱን ለመለወጥ ባሰበ ጊዜ አናጢው የሚሰጠው መልስ «ይህን ያህል ርዝመት የሚቀበል ቶርኖ የለኝም» የሚል ስለሚሆን፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ በማፍሰስ ይፈጸማል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነን እንደዚህ ያለ አንድ ቤት ነው። በረንዳው ስድስት ዓምዶች ሲኖሩት የሁለቱ እግር በስብሷል። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት «እንጨቱን ከመለሳችሁልኝ ሲሚንቶውን እተወዋለሁ፤ ካልሆነላችሁ ግን ክረምት ሳይገባ ስድስቱንም አስለውጣለሁ» አሉን። የዓምዱ ቁመት 2 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ በእግሩ 20፣ በራሱ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። የጠየቅናቸው ቶርኖ ቤቶች ከአንድ ሜትር ብዙ የሚበልጥ እንጨት የሚቀበል አልነበራቸውም። ስለዚህ ራውተር በሚባለው የእጅ መኪናና ከኮምፔንሳቶ በተሠራ አንድ ረጅም ሳጥን ለመሥራት ተነሣን። ከዚህ በታች የምንገልጸው የሳጥኑን አሠራርና ሥራውን የሚቻል ያደረገውን ምክንያት ነው።

ክብነት ከምን ይገኛል?

ቶርኖ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በተሠራው በግብፁ የጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሠራተኞች በቶርኖ ሲሠሩ ተሥለው ይታያሉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የሥራው መሠረት አልተለወጠም፤ ይኸውም እንጨቱ በሁለት ጫፉ ተይዞ ይዞራል፣ ስለቱም በአንድ ቦታ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ነገር ግን እንጨቱን ክብ የሚያደርገው የመዞሩ ፍጥነት አይደለም። ክብ ማለት ከአንድ ማዕከል እኩል የራቀ ማለት ስለ ሆነ፣ የስለቱ ጫፍ ከእንጨቱ ዘንግ ያለው ርቀት ካልተለወጠ እንጨቱ በዝግታ ቢዞርም፣ እየቆመ ቢዞርም ክብ ይወጣል። በአገራችን ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ያለ መንኰራኵር ጀበናን የሚያህል ክብ ዕቃ በእጃቸው ማውጣታቸው ለዚህ ምስክር ነው። በራውተር ሥራ ላይ ተግባሩ ይገለበጣል፤ በፍጥነት የሚዞረው ስለቱ ነው፣ እንጨቱ ግን በእጅ ጥቂት በጥቂት ይዞራል።

እንጨቱን ስለ ማዘጋጀት

ዓምዱን ከአንድ ሙሉ ግንድ ማውጣት ቀላል መስሎ ይታያል። ሆኖም እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኰማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኰማተረው ሁለት እጥፍ ያህል ስለ ሆነ፣ ልቡን የያዘ ግንድ ውሎ አድሮ ከዳር እስከ ልቡ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የተገኘ የደረቀ የጥድ ጣውላ ገዛን፤ ገንዘባችን የፈቀደውም ለሦስት ዓምድ የሚበቃውን ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ዓምድ አራት ጣውላ በኮላ አጣብቀን በሞርሳ አሰርነውና በእግሩ 21፣ በራሱ 18 ሴንቲ ሜትር ጐን ያለው አራት ማዕዘን አደረግነው።

ቀጥሎ አራት ማዕዘኑ ስምንት ማዕዘን መሆን አለበት። የመርከብ ምሰሶ የሚጠርቡ አናጢዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ቀላል ሒሳብ አለ፤ ይኸውም የእንጨቱን ጐን 24 እኩል ቦታ ከፍሎ 7፣ 10፣ 7 አድርጎ ምልክት ማድረግ ነው። በኛ ዓምድ ላይ ምልክቱ ከጠርዙ በእግሩ በኩል 6 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር፣ በራሱ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ይርቃል። ሁለቱን ምልክቶች በተወጠረ ክር አገናኝቶ ማዕዘኑን በመጋዝና በመላጊያ ማንሣት ነው።

የዚህ ድካም ጥቅም በቍጥር ይታያል። የአራት ማዕዘኑ ስፋት 100 ቢባል የስምንት ማዕዘኑ 83፣ በውስጡ የሚያርፈው ክብ ደግሞ 78 ከግማሽ ያህል ነው። እንግዲህ መወገድ ከሚገባው 21 ከግማሽ እጅ ውስጥ 17ቱን መጋዝ ወስዶታል፤ ለራውተሩ የሚቀረው ከ5 እጅ ያነሰ ነው ማለት ነው።

የሳጥኑ አሠራር

ሳጥኑ 3 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከላይ ክፍት የሆነ ነው። ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች የተሠሩት ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፤ የላይኛው ጠርዛቸውም ለራውተሩ ሐዲድ ይሆናል። በሁለቱ ጫፍ ባሉት አጫጭር ግድግዳዎች ላይ የብረት ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ቧንቧው በዓምዱ ጫፍ መካከል በብሎን ከሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት ጋራ የተበየደ ስለ ሆነ ዓምዱ በሳጥኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይዞራል። ራውተሩ የሚቀመጠው በሐዲዱ ላይ በሚንሸራተት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳው በግራና በቀኝ ከንፈር ስላለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጐን አይሄድም፤ ስለቱም ምን ጊዜም ከዘንጉ በላይ ትክክል ይቆማል።

በአንደኛው ቧንቧ ጫፍ ላይ ክብ ሰሌዳ ይታሰራል። በዳሩም ላይ በእኩል ርቀት 32 ቀዳዳ ይበሳል። ይህን ለመክፈል ኮምፓስና ማስመሪያ ይበቃል፤ ክቡን አምስት ጊዜ ደጋግሞ እኩል መክፈል 32 ይሰጣልና። በቀዳዳው የሚገባ የብረት ችንካር ዓምዱን በያንዳንዱ ማቆሚያ አጥብቆ ይይዘዋል።

ዓምዱ ወደ ራሱ እየቀጠነ እንዲሄድ ሐዲዱን ማዝመም አያስፈልግም። በራሱ በኩል ያለውን ቀዳዳ ከእግሩ በኩል ካለው 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጎ መብሳት ይበቃል፤ ዘንጉ ወደ ስለቱ በቀረበ መጠን ዓምዱ ይቀጥናል።

ስለ ጠርዞቹ ቍጥር

አንባቢ «32 ጠፍጣፋ ፊት ያለው ነገር እንዴት ክብ ይባላል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ዓምድ ላይ የጠርዙ ጫፍ ከእውነተኛው ክብ ወጥቶ የሚታየው፣ ፊቱ 8 ሲሆን 8 ሚሊ ሜትር፣ 16 ሲሆን 2 ሚሊ ሜትር፣ 32 ሲሆን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የፊቶቹ ቍጥር በእጥፍ ሲጨምር ጉድለቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ግማሽ ሚሊ ሜትሩን መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ያነሡታል። ከዚህም ሌላ በ32 ፊት የአንዱ ፊት ስፋት ከ2 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ጠፍጣፋ አፍ ስለት አንዱን ፊት በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።

ስለቱ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲወርድ አይደረግም፤ ሰፊ ስለት ሲታሰርም የመኪናው ፍጥነት ይቀነሳል። ችንካሩ ሳይገባ ራውተሩን ማስነሣት ትልቅ አደጋ ነው፤ ስለቱ ዓምዱን ይዞ ሊያሽከረክረው ይችላልና። ዓይንና ጆሮ ይሸፈናሉ፤ ስለት ሲለወጥም መኪናው ከኤሌክትሪክ ይነቀላል።

ያጋጠመን ስሕተት

ከቆሙት ዓምዶች አንዱን በአምስት ቦታ ስንለካው፣ መካከሉ በቀጥታ ቢቀጥን ኖሮ ሊሆን ከሚገባው 18 ሴንቲ ሜትር ተኩል በ6 ሚሊ ሜትር በልጦ አገኘነው። ይህ የአናጢ ስሕተት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ሥራው በተፈጸመው በአቴናው ፓርቴኖን ዓምዶች ላይም እንደዚህ ያለ ጥቂት እብጠት አለ፤ ያለ እርሱ ቀጥ ያለ ዓምድ ለዓይን ወገቡ የጐደለ ይመስላል። ስለዚህ በሐዲዱ ላይ ቀጭን ጣውላ አንጥፈን፣ በመካከሉ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ልባጭ አስገባን፤ ሐዲዱ በ3 ሲነሣ ውፍረቱ በ6 ይጨምራልና።

ሆኖም የመጀመሪያው ዓምድ ወጥቶ ከአሮጌዎቹ አጠገብ በቆመ ጊዜ ልዩነቱ ከሩቅ ታየ። ስንለካው መካከሉ 18 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር። ራውተሩን በሳጥኑ መካከል አስቀምጠን በሁለቱ ጫፍ መካከል ሲባጎ ብንወጥር፣ ሐዲዱ ከክብደቱ የተነሣ 3 ሚሊ ሜትር ረግቦ ተገኘ። ልባጩን ያስገባንበትን ያህል ሳጥኑ መልሶ በልቶታል። ያ ዓምድ ሊታረም አልቻለም፤ እንጨት ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። የቀረን የሁለት ዓምድ እንጨት ሲሆን መጠባበቂያ አልነበረንም።

ከሳጥኑ መካከል ሥር ሁለት እግር ጨምረን፣ ግድግዳውንም በሁለተኛ ኮምፔንሳቶ አደንድነን እንደገና በሲባጎ ለካን፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ሁለቱ ዓምዶች በመካከላቸው 19 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር ሆኑ። በሁለተኛው ላይ በጣውላው ውስጥ የተደበቀ አሮጌ ምስማር የስለቱን አፍ ሰበረው እንጂ እንጨቱን አልጐዳውም። የአሮጌ ቤት ጣውላ ከመጣበቁ አስቀድሞ በማግኔት መፈተሽ እንዳለበት የተማርነው ከዚህ ነው።

መደምደሚያ

ሁለቱ ዓምዶች ክረምት ሳይገባ ቆመዋል። እግራቸው ውኃ እንዳይጠጣ ጫፉን ቀለም አጥግበን፣ በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል አየር እንዲያልፍ በብረት ችንካር ላይ ከፍ አድርገን አስቀመጥናቸው፤ የቀድሞዎቹን ያበሰበሰው ውኃ የሚቋጥረው መቀመጫቸው ነበርና። የቀሩት አራቱ አሮጌ ዓምዶችም በቦታቸው አሉ፤ ሲሚንቶው ቀርቷል።

ከዚህ ሥራ የተረዳነው ዋና ነገር በራውተርና በሳጥን ዓምድ የሚያወጣ ሰው በእውነቱ የሚሠራው ሐዲዱን መሆኑን ነው። ዓምዱ ሐዲዱን ይገለብጣል፤ እብጠቱን ብቻ ሳይሆን ርግበቱንም ጭምር። ስለዚህ ይህን ሥራ ለመሞከር የሚፈልጉ ጓደኞቻችን እንጨቱን ከማሰራቸው በፊት ራውተሩን በሐዲዱ መካከል አስቀምጠው ሲባጎ ይወጥሩ።