ቁርጭምጭሚት ሲሰበር፦ ቀዶ ሕክምናውና ማገገሚያው

በሳልሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የምንወድቀው ሳሙና በፈሰሰበት እምነ በረድ ወለል ላይ፣ ከደረጃ ወይም መጋረጃ ለማውረድ ከወጣንበት መሰላል ነው። እግር ይጠመዘዛል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ብዙዎች «ወለምታ ነው» ብለው በጨርቅ አስረው ሥራ ይቀጥላሉ። ምክንያቱ ይገባናል፤ ሀገር ቤት ደመወዙን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፣ የማዳም ቁጣም ያስፈራል። ነገር ግን ተሰብሮ የሚረገጥ እግር ተጣምሞ ሊገጥም፣ ዕድሜ ልክም ሊያነክስ ይችላል።

ስብራት መሆኑ በምን ይጠረጠራል? አራት እርምጃ መራመድ ካልቻላችሁ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያለው አጥንት ሲነካ ክፉኛ ካመማችሁ፣ ራጅ መነሣት ያስፈልጋል። እግሩ ከዞረ፣ አጥንት ቆዳ ከቀደደ ወይም ጣቶች ከቀዘቀዙ ወዲያው 112 ይደወል። ማንም እንዳያሸው። በሀገራችን በወጌሻ ተጠብቆ በመታሰሩ ደም ተቋርጦ እግራቸው የተቆረጠባቸው ሰዎች አሉ።

ለሳልሚያ የሚቀርበው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ጃብሪያ ያለው ሙባረክ አል ከቢር ነው። በሳባህ የሕክምና ክልል ያለው አል ራዚ ደግሞ የአጥንት ሆስፒታል ነው። ባጣቃችሁን መያዝ አትርሱ።

አጥንቱ ከቦታው ካልተዛነፈ ብዙውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል ጀሶ ይበቃዋል። ከተዛነፈ ሐኪሙ ቆዳውን ከፍቶ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልስና በስስ ብረትና በብሎን ያስረዋል። እብጠቱ ከባድ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው እስከ 2 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል፤ ባበጠ ቆዳ ላይ የተከፈተ ቁስል በቀላሉ ስለማይድን ነው እንጂ ችላ ተብላችሁ አይደለም። ስኳር ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ብረቱ ካላስቸገረ እዚያው ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ያለው በእናንተ ትዕግሥት ይወሰናል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እግሩ በትራስ ከልብ በላይ ከፍ ይበል፤ ስፌቱም የሚወጣው በዚያው ጊዜ አካባቢ ነው። ሐኪሙ ካልፈቀደ በቀር 6 ሳምንት ያህል በክራንች እንጂ በዚያ እግር አትቁሙ፤ ብረቱ አጥንቱ እስኪገጥም ይይዘዋል እንጂ ሙሉ ክብደት አይሸከምም። ቀን ሙሉ ቆሞ ለመሥራት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ያስፈልጋል፤ እብጠት ግን እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል፣ የባት ማበጥና ሕመም ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ይታይ፤ ትንፋሽ ካጠረ 112 ይደወል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው ሠራተኛውን የማሳከም ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ስትወድቁ በዚያው ቀን ለአሠሪያችሁ ንገሩ፤ ሐኪሙ የሰጠውን የዕረፍት ወረቀትም ቅጂ አስቀሩ። አሠሪው እንቢ ካለ የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል አቤቱታ ይቀበላል።

ወደ ሀገር ለመመለስ ያሰባችሁ፣ ረጅም በረራ ደም ሊያረጋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ራጃችሁንና የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ አዲስ አበባ የሚያያችሁ ሐኪም ምን ብረት እንደገባ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

በዚሁ ቤት ወይም በጎረቤት የምትሠሩ እኅቶችም፣ ለተኛችው ውኃና ምግብ ማቀበልን አትርሱ።