የአምቦ አያት ስንት ዓመታቸው ነው?

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ «110 ሞልቶኛል» የሚሉ የዕድሜ ባለጸጋ አይታጡም። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በዓለም የረጅም ዕድሜ መዝገብ ለመስፈር ግን ቃል ብቻ አይበቃም፤ በልጅነት የተጻፈ ሰነድ፣ በጎልማሳነት የተጻፈ ሌላ ሰነድ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

ጃፓኖች በዚህ ታድለዋል። ጂሮኤሞን ኪሙራ እ.ኤ.አ. በ1897 በአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወልደው በ2013 በ116 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ዕድሜያቸው በሰነድ ከተረጋገጠላቸው ወንዶች ሁሉ ረጅሙን የኖሩ ነበሩ። አገራቸው ከ1872 ጀምሮ ቤተሰብን በየስሙ ስለምትመዘግብ ማስረጃው አልጠፋም። መዝገብም ቢሆን አንዳንዴ ይሳሳታል። 120 ዓመት ኖረዋል የተባሉት ሺጌቺዮ ኢዙሚ ለዓመታት ክብረ ወሰኑን ይዘው ከቆዩ በኋላ በልደት ዘመናቸው ላይ ጥርጣሬ ስለተነሳ ተሰርዘዋል።

በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የዶዶላ አካባቢ አንድ አረጋዊ ገበሬ 160 ዓመቴ ነው ማለታቸው የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ወረቀት አልነበራቸውም። እስካሁን የተረጋገጠው ረጅሙ ዕድሜ የፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን 122 ዓመት በመሆኑ 160ን መቀበል ይከብዳል። አረጋዊው ዋሹ ማለት ግን አይደለም፤ የዘመናቸው ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው በጦርነት፣ በንጉሥና በረሃብ ነበር።

ይህ ቆጠራ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ይረዳል። በ2018 ዓ.ም. 110 የሞላቸው እናት የተወለዱት በ1908 ነው ማለት ነው። ጣሊያን በ1928 ሲገባ 20 ዓመታቸው ነበር፤ ያን ጊዜ የምዕራብ ሸዋ ሴት በ20 ዓመቷ አብዛኛውን ጊዜ ባለትዳር፣ ምናልባትም የልጅ እናት ናት። የጊንጪ አካባቢው አርበኛ ጃገማ ኬሎ በጥር 1913 ተወልደው ጫካ ሲገቡ ገና 15 ዓመታቸው ነበር፤ እኚህ እናት በ5 ዓመት ይበልጧቸዋል። «ጣሊያን ሲመጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ካሉ ግን ዛሬ ወደ 100 ይጠጋሉ እንጂ 110 አልሞላቸውም። በ1911 የወረደውን የኅዳር በሽታ በዓይኔ አይቼ አስታውሳለሁ የሚሉ ከሆነ ደግሞ ከ110 በላይ ናቸው፤ ከእናታቸው የሰሙት መሆን አለመሆኑን በትዕግሥት መጠየቅ ይገባል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ስለሚተላለፍ፣ በየትኛው አባ ገዳ ዘመን እንደተወለዱ የሚያውቁ ሽማግሌ ጥሩ ምስክር ናቸው።

ትልቁ ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። ውጭ አገር ያለ የልጅ ልጅ 1908ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ከ2026 ቢቀንስ አያቱን በአንድ ጊዜ የ118 ዓመት ያደርጋቸዋል። ሌላው፣ ሰው ዕድሜውን ሲናገር ወደ 80፣ 90 ወይም 100 ማጠጋጋቱ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያም ብዙ ጊዜ የተሞላው በዚሁ ግምት ነው።

አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ አዋጁ ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ለአያቶቻችን ይህ አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ቤተሰብ ዛሬውኑ ደብተር ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ሲያገቡ ማን ነግሦ እንደነበር፣ የበኩር ልጃቸው መቼ እንደተወለደ፣ ታላቅና ታናሻቸው እነማን እንደሆኑ ጠይቆ ይጻፍ፤ የተጻፈበትን ቀንና የዘመን አቆጣጠሩንም ያስፍር።